ገልብጡት፣ ከዚያ እንነጋገር

(ከወላጆችና ከአያቶች ስለሚወረሱ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የቤት ዕቃዎች በአንድ የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ይሰማል? እጃችሁን ያወጣችሁት ይሰማናል ለማለት ነው ወይስ አይሰማንም ለማለት? እሺ፣ ይሰማል።

በመጀመሪያ ይህን ምሽት ያዘጋጃችሁትን አመሰግናለሁ። ስለ አሮጌ ወንበር ለመስማት ከቤታችሁ የወጣችሁትን ደግሞ ከዚያ በላይ አመሰግናለሁ። ሌላ የምትሄዱበት ቦታ አይጠፋም ነበር።

ሁለት ነገር ቀድሜ ልናገር። እኔ አናጺ አይደለሁም። የአሮጌ ዕቃ ነጋዴም አይደለሁም። ከአያቴ አንድ ቡፌ ወረስኩ። «ይሄን ማን ሠራው? እንጨቱስ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ቤት ወንበር ሥር አልጠፋም። ሁለተኛው ነገር፣ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

እስቲ አንድ ጥያቄ። ከእናት፣ ከአባት፣ ከአያት፣ ከአክስት የተወረሰ የቤት ዕቃ ያለው እጁን ያውጣ። ኧረ ብዙ ናችሁ! እንዳታወርዱ። ያንን ዕቃ አንድ ቀን ገልብጦ ከሥሩ ያየውስ? ... አያችሁ? እጆቹ ወረዱ። ዛሬ የማወራው ስለነዚህ ስለወረዱት እጆች ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ 1970 ግድም ድረስ ስለተሠሩ ዕቃዎች ነው የምናወራው። ታውቋቸዋላችሁ። እግራቸው ቀጭን ነው፣ ወደ ታች እየሾለ ይሄዳል። ጌጥ አይበዛባቸውም። በዚያ ዘመን ከዴንማርክ፣ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች በብዛት እየተጫኑ ዓለምን ዞረዋል። አንዱ ወንበር የት አገር ቤት ውስጥ እንደሚገኝ አይታወቅም። ስለዚህ «እኛ ቤት ያለው ተራ ነገር ነው» አትበሉ። «እኛ ቤት ያለው ሀብት ነው» ብላችሁም አትቸኩሉ። መጀመሪያ እንየው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ማህተም፣ ሁለተኛው አሠራር፣ ሦስተኛው እንጨቱ ራሱ። ከሦስቱ በፊት ግን አንድ ልመና አለኝ።

አትወልውሉት! ገና አትወልውሉት። አትጠቡት፣ አትፈትጉት፣ ቫርኒሽ አትቀቡት።

ለምን እንዲህ እላለሁ? የአያቴ ቡፌ ቤቴ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ነበር መሰላችሁ? በሳሙና ውሃ ማጠብ! ጀርባው ላይ ቡናማ የሆነ አሮጌ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ዳር ዳሩን ነፍሳት በልተውታል። እኔ ደግሞ ጽዳት እወዳለሁ። በስፖንጅ ፈተግሁት። ወረቀቱ እንደ ረጠበ ጋዜጣ ተፍረክርኮ ወጣ። በመጨረሻ ጣቴ ላይ የቀረችው ጥፍር የምታህል ቁራጭ ናት። አምስት የላቲን ፊደሎች ይነበባሉ፦ «ሞብል»።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! የሠሪውን ስም አገኘሁ አልኩ። ሞብል የሚባል ታላቅ የእንጨት ጠቢብ ፍለጋ ገባሁ። አራት ወር ሙሉ ሞብልን ፈለግሁት። መጽሐፍ አገላበጥኩ፣ ሰው ጠየቅሁ። አንዳንዱ ሰው እኮ «አዎ፣ ሰምቼዋለሁ» ብሎኛል! ኋላ ዴንማርክኛ ለሚያውቅ ወዳጄ ቁራጯን አሳየሁት። ሳቁ አላስቆም አለው። «ሞብል» ማለት በዴንማርክኛ የቤት ዕቃ ማለት ነው። ቡፌዬ ላይ የተጻፈው «የቤት ዕቃ» የሚል ነበር። እሱንማ እኔም አውቀው ነበር! የፋብሪካው ስም ከጎኑ ነበር። እሱን በገዛ እጄ አጥቤ ወደ ቦይ ለቅቄዋለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሥር፣ ከየመሳቢያው ውስጥ። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉ። ከዚያ ክፍሉን አጨልሙና ባትሪ ያዙ። ባትሪውን ፊት ለፊት አታብሩበት። ከጎን፣ እንጨቱን ሊነካ እስኪቃረብ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ብርሃኑ ሲጋደም የደበዘዘ ማህተም ጥላ ያወጣል። ባዶ የመሰላችሁ ቦታ ላይ ፊደል ብቅ ሲል የሚሰማችሁን ስሜት እኔ ልነግራችሁ አልችልም።

አንደኛ፣ ማህተም።

የት ነው የሚፈለገው? ወንበር ከሆነ ከመቀመጫው ሥር፣ በእግሮቹ መሃል ባለው አግዳሚ ውስጠኛ ጎን። ጠረጴዛ ከሆነ ከሥሩ። ቡፌና ቁም ሳጥን ከሆነ ጀርባው፣ የበሩ ውስጠኛ ፊትና መሳቢያዎቹ። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡት። ጎኑን፣ ሥሩን፣ ጀርባውን እዩ። ማህተሙ በጋለ ብረት የተተኮሰ ሊሆን ይችላል። የቀለም ማህተም፣ ወረቀት ወይም ሳንቲም የምታህል የብረት ክብ ሊሆንም ይችላል። ምንም ከሌለ ደግሞ የጎደለውን ፈልጉ። እንጨቱ ላይ አራት ማዕዘን ወይም ክብ የሆነ፣ ቀለሙ ከዙሪያው የተለየ ቦታ ካያችሁ እዚያ ላይ አንድ ነገር ተለጥፎ ነበር ማለት ነው። የዚያን ቅርጽና መጠን ለኩ። እሱም መረጃ ነው።

አሁን ማህተሙን አገኛችሁ እንበል። እልል አትበሉ። ማህተም ያሳስታል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ወንበር ሥር «ፍራንስ እና ሱን» የሚል የብረት ምልክት ታገኛላችሁ። ስንቱ ሰው «የፈረንሳይ ዕቃ ነው» ብሎ ሲኩራራ ሰምቻለሁ! ፍራንስ የሰው ስም ነው። ቻርልስ ፍራንስ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፣ ፋብሪካው ያለው ዴንማርክ። «ሱን» ማለት ልጅ ማለት ነው። ፍራንስና ልጁ ማለታቸው ነው። ከ1957 በፊት ደግሞ ስማቸው «ፍራንስ እና ዳቨርኮሰን» ነበር። ስለዚህ ዳቨርኮሰን የሚለውን ስም ያገኘ ሰው ዕቃው ከዚያ ለውጥ በፊት የተሠራ መሆኑን በዚያው አወቀ።

ሌላው፣ «ዴኒሽ ፈርኒቸር ሜከርስ ኮንትሮል» የሚል ምልክት በብዙ ዕቃ ላይ አለ። ይህም የሠሪ ስም አይደለም። ዕቃው የጥራት ቁጥጥር አልፏል የሚል የአምራቾች ማህበር ምልክት ነው። ጥሩ ምልክት ነው። ግን ማን ሠራው ለሚለው መልስ አይሆንም።

የቁጥሩ ጉድ ደግሞ የባሰ ነው። እኔ ራሴ የወደቅሁበት ነው። ታላቅ እህቴ ቤት አንዲት የእንግሊዝ ወንበር አለች፣ ኤርኮል የሚባለው ድርጅት የሠራት። ሥሯ ላይ ያለው ምልክት 1960 የሚል ቁጥር አለው። እህቴ የተወለደችው 1960 ነው። «እትዬ፣ ይቺ ወንበር እኩያሽ ናት!» አልኳት። እሷም አመነች። ሰው በመጣ ቁጥር «እኩያዬ ላይ ተቀመጥ» ማለት ጀመረች። ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው ያወቅሁት። 1960 የእንግሊዝ የጥራት ደረጃ መለያ ቁጥር ነው። ዓመት አይደለም! ደረጃው «ቢ ኤስ 1960» ይባላል። ሌላም ዓመት የተሠራ ወንበር ያንኑ ቁጥር ይዞ ይገኛል። ለእህቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ዛሬ እዚህ ያለ ሰው እንዳይነግርብኝ።

ታዲያ ዓመትን በምን እናውቃለን? ከአድራሻ! የአሜሪካ ዕቃ ላይ የፋብሪካው አድራሻ ካለ መጨረሻው ላይ ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ ቁጥር ፈልጉ። ያ ቁጥር ሥራ ላይ የዋለው በ1963 ነው። ካለ፣ ወረቀቱ ከዚያ ወዲህ የታተመ ነው። ኖል የሚባለው የኒው ዮርክ ድርጅት ቢሮውን ሲቀይር የወረቀቱ አድራሻም ይቀየር ነበር። ማዲሰን ጎዳና 575 የሚለው ፓርክ ጎዳና 320 ከሚለው ይቀድማል። «የምዕራብ ጀርመን ሥራ» የሚል ካገኛችሁ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ውስጥ ነው፣ አገሪቱ በዚያ ስም የኖረችው ያን ጊዜ ነውና። የእንግሊዝ ዕቃ ላይ «ሲ ሲ 41» የሚል ምልክት ካለ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት መንግሥት የዕቃውን ዓይነትና አሠራር ሲወስን የነበረበት ጊዜ ነው፣ ከ1942 እስከ 1952። እዚህም 41 ያለውን አይታችሁ «በ1941 ተሠራ» እንዳትሉ!

ከሁሉ የምወደው ግን የሌን ሳጥን ነው። ሌን በቨርጂኒያ፣ አሜሪካ የነበረ ፋብሪካ ነው። የሴዳር እንጨት ሳጥኖቹ የታወቁ ናቸው። ከሥራቸው ቁጥር ታትሞባቸዋል። ቁጥሩን ከኋላ ወደ ፊት ስታነቡት የተሠራበትን ቀን ይሰጣችኋል። 065021 ቢል ገልብጡት። 120560 ይሆናል። አሥራ ሁለተኛው ወር፣ አምስተኛው ቀን፣ 1960። አያምርም?

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። ከ1912 እስከ 1987 የተሠሩት የሌን ሳጥኖች ክዳኑ ሲወድቅ በራሱ የሚቆለፍ፣ ከውስጥ የማይከፈት ቁልፍ ነበራቸው። ሕፃናት ገብተው ታፍነው ሞተዋል። ቁልፉ እንዲቀየር ጥሪ የተደረገበት ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ሳጥን የወረሰ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ቤቱ ሲደርስ ቁልፉን ይንቀለው። ማን ሠራው የሚለው ነገ ይደርሳል።

ከማህተም ሳልወጣ ሌላ ነገር። «ሠሪ» ስንል ማንን ነው የምንለው? ንድፉን የሣለውን ነው ወይስ እንጨቱን የቆረጠውን? ብዙ ሰው ይደባልቀዋል። ሃንስ ዌግነርን ውሰዱ። ዴንማርካዊ ነው፣ በዘመኑ ከነበሩት የወንበር ነዳፊዎች ሁሉ ስሙ የገነነ። ራሱ ግን ፋብሪካ አልነበረውም። ንድፉን ለተለያዩ ፋብሪካዎች ነው የሚሰጠው። ታዲያ ከሞዴሉ ቁጥር በፊት ያሉት ፊደሎች የፋብሪካውን ስም ይነግሯችኋል። «ሲ ኤች» ካለ ካርል ሃንሰን ነው። በ1949 የተነደፈችው፣ መደገፊያዋ ላይ እንደ ባላ የተሰነጠቀ እንጨት ያላት ወንበር «ሲ ኤች 24» ናት። «ጂ ኢ» ጌታማ ነው። «ኤ ቲ» አንድሪያስ ቱክ፣ ጠረጴዛ ሠሪ። «አር ዋይ» ሪ ሞብለር፣ ቡፌና ቁም ሳጥን። «ኤ ፒ» ኤ ፒ ስቶለን፣ የጨርቅ ሶፋና ወንበር። «ጄ ኤች» ደግሞ ዮሃንስ ሃንሰን። በ1960 ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ኬኔዲ የተቀመጠባት ወንበር ከዮሃንስ ሃንሰን ቤት የወጣች ናት። ኋላ ያንኑ ወንበር ፒ ፒ ሞብለር ወረሰውና «ጄ ኤች» የነበረው «ፒ ፒ» ሆነ። አያችሁ ያቺን «ሞብለር»? አሁንማ እኔና እሷ እንተዋወቃለን።

ሁለተኛ፣ አሠራር። ይህን ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ሠሪውን ብዙም አይነግራችሁም። ዘመኑን ግን ይነግራል። ውሸትንም ያጋልጣል።

ብሎኑን እዩ። ራሱ ላይ አንድ ስንጥቅ ብቻ ነው ያለው ወይስ የመስቀል ቅርጽ? የመስቀሉ ብሎን ፊሊፕስ የሚባለው ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው የመጣው። «ይህ ጠረጴዛ የ1910 ነው» ተብሎ ሥሩ የመስቀል ብሎን ከሞላበት፣ ወይ ተጠግኗል ወይ ተዋሽቷል። ብሎኑ ራስ ላይ አዲስ የካቻቢቴ ጭረት ካለ ደግሞ አንድ ሰው ከፍቶታል። ጀርባው ችፑድ ከሆነ ከጦርነቱ በኋላ ነው ብላችሁ ማሰብ ትችላላችሁ፣ ችፑድ በስፋት የመጣው ያኔ ነው። ችፑድ ስላለበት ግን አትናቁት። በ1960ዎቹ ስመ ጥር ፋብሪካዎችም ተጠቅመውበታል።

የመሳቢያውን ማዕዘን እዩ። የፊቱና የጎኑ ሰሌዳ እንደ ተቆላለፉ ጣቶች የተያያዙበት፣ ጥርሱ ወደ ጫፍ እየሰፋ የሚሄድ መጋጠሚያ አለ። ጥርሶቹ ሁሉ እኩል ከሆኑ ማሽን ቆርጦታል። አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ካለ እጅ ነው። በምስማርና በኮላ ብቻ ከተያዘ ርካሽ ነበር፣ በዚያን ጊዜም ርካሽ ነበር። አበቃ።

ሦስተኛ፣ እንጨቱ። እዚህ ጋ ውሃ ልጠጣ፣ እዚህ ጋ እንቆያለን።

«እንጨቱ ምንድን ነው?» ከማለታችሁ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ። ድፍን እንጨት ነው ወይስ ልባጥ? ልባጥ ማለት ቬኒየር የሚሉት ነው። ውድ እንጨት እንደ ወረቀት ተልጦ በርካሽ እንጨት፣ በኮምፔንሳቶ ወይም በችፑድ ላይ ይለጠፋል። እንዴት ይለያል? የጠረጴዛውን ገጽ መስመሮች ተከተሉ። ጫፍ ስትደርሱ መስመሩ ዳሩ ላይ ይቀጥላል? በመጋዝ የተቆረጠበት ፊት ላይ የእንጨቱ ቀለበትና ቀዳዳዎቹ ይታያሉ? ከታዩ ድፍን ነው። መስመሩ ድንገት ከተቋረጠና ዳሩ ላይ ሌላ ቀጭን እንጨት ከተለጠፈ ልባጥ ነው። ሁለት በር ጎን ለጎን ቆመው መስመራቸው እንደ መስተዋት ምስል አንዱ የሌላው ግልባጭ ከሆነም ልባጥ ነው። ተፈጥሮ እንደዚያ አያደርግም።

ልባጥ ስድብ አይደለም። የዘመኑ ምርጥ ቡፌዎች ልባጥ ናቸው። አደጋው ሌላ ነው። የአክስቴን ጠረጴዛ ልንገራችሁ።

የአክስቴ ጠረጴዛ ገጹ ላይ የብርጭቆ ክብ ምልክት ወጥቶበት ነበር። አንድ ባለሙያ አመጣን። ስሙን ተዉት። ሰውየው ዕቃውን አልገለበጠም፣ ዳሩን አላየም። የመፈግፈጊያ ማሽኑን ሰካና ጀመረ። ምልክቱ ጠፋ፣ ተጨበጨበ። «ትንሽ ላስተካክለው» አለ። ከዚያ መሃሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ነጣ ያለ ነገር ብቅ አለ። «ቆሻሻ ነው፣ ይለቃል» ብሎ ባሰበት። ነጩ ሰፋ። ቆሻሻ አልነበረም፣ ከሥር ያለው ሌላ እንጨት ነበር! ልባጡ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ማሽን አንዴ ሲያልፍበት አለቀ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ አየችው። «ልጄ፣ ጠረጴዛዬ እኮ መላጣ ሆነ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ጨርቅ ይለብሳል።

እሺ፣ አሁን እንጨቱን እንለይ። ገጹን አትመኑ። ገጹ ቀለም ጠጥቷል፣ ቫርኒሽ ለብሷል፣ ለአሥርት ዓመታት ፀሐይ መቶታል። ያልተቀባ ቦታ ፈልጉ። የእግሩ መርገጫ፣ የመሳቢያው ፊት ውስጠኛ ጎን፣ የጠረጴዛው ሥር። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ይበቃችኋል። አፍንጫችሁንም አትርሱ።

ቲክ በዚያ ዘመን የዴንማርክ ዕቃዎች ላይ ሞልቷል። ወርቃማ ቡናማ ነው። ስትዳስሱት ሰም የነካ ይመስላል፣ በተፈጥሮው ቅባት አለው። ሽታው ቆዳ ቆዳ ይላል። መሳቢያ ከፍታችሁ አፍንጫችሁን ስትከቱ ታገኙታላችሁ። ቤተሰብ ሊስቅባችሁ ይችላል፣ ችግር የለውም። ቲክ የሚመስል ሌላ እንጨት አለ፣ አፍሮሞዚያ ይባላል። በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበት ነበር። መስመሩ ከቲክ ይደቃል፣ ያ የቅባት ስሜት የለውም። ምስማር ወይም ብሎን ባለበት እርጥበት ከነካው ዙሪያው ይጠቁራል።

ዋልነት ከግራጫማ እስከ ቸኮሌት ቡናማ ነው። አንድ አመል አለው። ብዙ እንጨት ዕድሜ ሲጠግብ ይጠቁራል፣ ዋልነት ግን ፀሐይ ሲመታው ይነጣል። ለብዙ ዓመት መብራት የቆመበትን ቦታ አንሡና እዩ። ክቡ ከዙሪያው ከጠቆረ አንድ ፍንጭ አገኛችሁ።

ኦክን መለየት ቀላል ነው። ቀዳዳዎቹ በዓይን ይታያሉ። በአንዳንድ አቆራረጥ ገጹ ላይ የሚያብረቀርቁ የብር ቁርጥራጭ የሚመስሉ ነጠብጣቦች አሉት። ቢች ደግሞ ፈዛዛ ነው፣ ጥቃቅን ጠቃጠቆ ፊቱ ላይ ተበትኗል። ቢችን ልብ በሉት። ውድ እንጨት ለመምሰል ቀለም ሲቀባ የኖረው እሱ ነው። ቡፌው ቲክ ሆኖ እግሩ የተቀባ ቢች ሊሆን ይችላል።

የቀለም ስምም አያታልላችሁ። ሄይዉድ ዌክፊልድ የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ዕቃዎች «ስንዴ» ወይም «ሻምፓኝ» ይባላሉ። እነዚህ የቀለሙ ስሞች ናቸው። እንጨቱ ባብዛኛው በርች ነው።

ወደ ሮዝዉድ ልምጣ። ሁሉም ሰው የእሱ ዕቃ ሮዝዉድ እንዲሆን ይፈልጋል! አንድ ወዳጄ ጠረጴዛውን «የብራዚል ሮዝዉድ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት ይነግረኝ ነበር። ጥቁር ቀይ ነው፣ ያምራል። ቤቱ ሄድኩና ገልብጠው አልኩት። እንቢ አለ። «ቡናውን ጠጣ» አለኝ። ጠጣሁ። ከዚያ ገለበጥነው። የእግሩ መርገጫ ላይ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ እንደ ብስኩት የነጣ እንጨት፣ ጠቃጠቆውም አብሮት። ቢች! ወዳጄ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «በል መልሰው» አለኝ።

እውነተኛው ሮዝዉድ ከባድ ነው። ቲክ በኪዩቢክ ሜትር ወደ 650 ኪሎ ሲሆን የብራዚሉ ሮዝዉድ ከ800 ያልፋል። በቡናማው ውስጥ ጥቁር መስመሮች እንደ ቀለም ጅረት ይሄዳሉ። ሲቆረጥ የአበባ ሽታ አለው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ያልተቀባ ድብቅ ቦታ ላይ አልኮል የነካ ነጭ ጨርቅ ብታሹበት ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም ይለቃል። ይህን ግን ቫርኒሽ በተቀባ ገጽ ላይ አትሞክሩት፣ አንዳንዱን ቫርኒሽ አልኮል ያሟሟዋል። በ1956 የወጣው፣ ኢምስ የሚባሉት አሜሪካውያን ባልና ሚስት የነደፉት ባለ ቆዳ ወንበር ካላችሁ ደግሞ የእንጨቱን ጎን አይታችሁ ድርብርቡን ቁጠሩ። የድሮዎቹ የሮዝዉድ ወንበሮች 5 ድርብ ናቸው፣ ሮዝዉድ ከቀረ በኋላ የመጡት 7።

ለምን ቀረ? ዛፉ ሊጠፋ ስለተቃረበ። የብራዚል ሮዝዉድ ከ1992 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ነው። የአያታችሁን ዕቃ እንኳ ድንበር ለማሻገር ወረቀት ያስፈልጋል። እንጨቱን ማወቅ ለጉራ ብቻ ነው ያለው ማነው? ጉምሩክ ላይ እንዳትያዙ ነው!

በመጨረሻ የሚጠየቁት ሰዎች ናቸው። ዕቃውን ማን ገዛው? መቼ? የድሮ ፎቶ አለ? በልደት፣ በሠርግ ፎቶ ጀርባ ላይ ያ ቡፌ ቆሞ ይገኛል። ሙሽሮቹን ትታችሁ ቡፌውን እዩ። ፎቶው ጀርባ ላይ ዓመት ከተጻፈ ቢያንስ ከዚያ በፊት መሠራቱን አወቃችሁ።

የአያቴ ቡፌስ? ጥያቄው እንደሚመጣ አውቃለሁ። የዴንማርክ ነው። የቲክ ልባጥ ነው፣ መሳቢያዎቹ ኦክ። ፋብሪካውን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። አንድ ቀን ግን ሦስተኛውን መሳቢያ አውጥቼ ጀርባውን በባትሪ አየሁ። በእርሳስ «3» ተጽፏል። የፋብሪካው ሠራተኛ የጻፈው ነው፣ መሳቢያው ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅ። ከሱ በታች ሌላ እርሳስ፣ ሌላ እጅ ጽሑፍ አለ። የአያቴ ነው። «በዝናብ ጊዜ ያብጣል። አትታገሉት» ይላል። እኔ ስንት ዓመት ስታገለው ነበር!

እሺ፣ እዚያ ከኋላ መሳቢያ በጨርቅ ጠቅልለው የመጡ እናት አይቻለሁ። ገና ስገባ ነው ያየኋቸው። እማማ፣ ወደዚህ ይምጡ እስቲ፣ ጠረጴዛው ላይ እናድርገው። መብራቱን አጥፉልን። ባትሪ ያለው ሰው አለ?